ባሕር የሚነፋው ደረጃ

በክሮኤሺያ፣ በአድሪያቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ዛዳር የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ሕዝቡ ወደ ማታ ለመናፈስ በሚወጣበት የባሕር ዳር መንገድ ጫፍ ላይ ሰፋፊ የነጭ ድንጋይ ደረጃዎች ወደ ውኃው ይወርዳሉ። ከሩቅ ለሚያያቸው ደረጃ ናቸው፤ ሌላ ነገር አይታይባቸውም። ሲጠጉ ግን ከድንጋዩ ሥር ድምፅ ይወጣል። አንዴ ይቀጥናል፣ አንዴ ይወፍራል፤ ሁለት ሦስት ድምፆች ተደራርበው ይመጡና ይለያያሉ። ተጫዋች የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፣ የኤሌክትሪክ ገመድም የለም። የሚጫወተው ባሕሩ ነው። የአገሩ ሰዎች የባሕር ኦርጋን ይሉታል።

አደባባይ ላይ የሚቆም ሐውልት አብዛኛውን ጊዜ ያለቀለት ሥራ ነው። ቀራጺው ቀርጾ፣ መራቂው መርቆ፣ መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ የሚለውጠው እርጅና ብቻ ነው። የዛዳሩ ሥራ ግን ሲመረቅ ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ዛሬ ጠዋት የተሰማው ማታ አይደገምም። ሠሪዎቹም ነገ ምን እንደሚሰማ ሊናገሩ አይችሉም፤ የእነሱ ድርሻ ድምፁ የሚፈጠርበትን ሁኔታ ማዘጋጀት ነበር፤ የቀረውን ለባሕሩ ተዉለት። በዚህ መንገድ የተሠሩ የአደባባይ ሥራዎች በዓለም ላይ ጥቂት አይደሉም። ከሁሉም ዛዳርን አስቀድሜ የማነሣው እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ግርምቱ የማይቀንስ፣ እንዲያውም የሚጨምር ሥራ ስለሆነ ነው።

ዛዳር ብዙ መከራ ያየች ከተማ ናት። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በኢጣልያ ሥር ነበረች። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ደጋግመው ደበደቧትና የአሮጌው ከተማ ሰፊ ክፍል ፈረሰ። ከጦርነቱ በኋላ በተካሄደው መልሶ ግንባታ የባሕሩ ዳርቻ ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ግንብ ሆኖ ቀረ። ሰው እላዩ ላይ ቆሞ ባሕሩን ያያል እንጂ አይደርስበትም ነበር። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ በ1991 በተነሣው ጦርነት ደግሞ ከተማዋ እንደገና በመድፍ ተመታች።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች አዲስ ማቆሚያ ሲሠራ አጠገቡ ያለውን ዳርቻ የማስተካከል ሥራ ለአርክቴክት ኒኮላ ባሺች ተሰጠ። ባሺች ግንቡን ወደ ደረጃ፣ ደረጃውን ወደ ኦርጋን ለወጠው። ብቻውን ግን አልነበረም። የውኃውን ጠባይ በማጥናት የረዳው በዛግሬብ የሲቪል ምሕንድስና መምህር የሆነው ቭላዲሚር አንድሮቼጽ ነው። ቅኝቱን ያወጣው ፕሮፌሰር ኢቫን ስታማች ነው። የኦርጋኑን ክፍሎች የሠራው ደግሞ ለአብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን በመሥራት የታወቀው የዛግሬቡ የሄፈረር ወርክሾፕ ነው። ሥራው ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመት የአውሮፓ የከተማ ሕዝባዊ ቦታዎች ሽልማትን ካገኙት አንዱ ሆነ።

ከድንጋዩ ሥር ያለው

ደረጃዎቹ 70 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ዳርቻ ላይ ተዘርግተዋል። ከሥራቸው 35 የፕላስቲክ ቱቦዎች ተቀብረዋል፤ ርዝመታቸው፣ ስፋታቸውና ተዳፋታቸው ይለያያል። የእያንዳንዱ ቱቦ አንደኛው አፍ ከውኃው ወለል በታች፣ ባሕሩ ውስጥ ነው። ቱቦው ከዚያ ተነሥቶ በደረጃው ሥር ሽቅብ ይወጣና ከእግረኛ መንገዱ በታች ወዳለ ዋሻ መሰል መተላለፊያ ይደርሳል። መጨረሻው ላይ ፊሽካ ላይ የምናየው ዓይነት ጠባብ ክፍተትና ስለታም ጠርዝ አለው።

ዋሽንት ሲነፋ በቅርብ ያየ ሰው ቀሪውን በቀላሉ ይረዳዋል። ነፊው ትንፋሹን አቅጥኖ በመቃው ጠርዝ ላይ ያሳርፋል። አየሩ ጠርዙ ላይ ሲሰነጠቅ ይርገበገባል፤ መቃው ውስጥ ያለው አየርም አብሮት ይርገበገባል፤ ያ ነው ድምፅ ሆኖ የሚሰማን። በዛዳር ትንፋሹ የማዕበሉ ነው። ማዕበል መጥቶ ወደ ቱቦው ሲገባ ውስጥ ያለውን አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። አየሩ ሌላ መውጫ ስለሌለው በጠባቡ ክፍተት በኩል በፍጥነት ያመልጣል፣ ጠርዙን ይመታል፣ ድምፅ ይሆናል። ማዕበሉ ሲመለስ ቱቦው እንደገና በአየር ይሞላል፤ የሚቀጥለውን ግፊት ይጠብቃል። ድምፁ ከመተላለፊያው ወደ ውጭ የሚወጣው በድንጋዩ ላይ በተከፈቱ ቀዳዳዎች ነው፤ ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሰው ከእግሩ ሥርና ከጀርባው የሚሰማው ለዚህ ነው።

ድምፁ ቀጭን ወይም ወፍራም የሚሆነው በሚርገበገበው የአየር ዓምድ ርዝመት ነው። ዋሽንት ነፊው ጣቱን ከቀዳዳው ሲያነሣ ዓምዱ ያጥራል፣ ድምፁም ይቀጥናል። በቁጥር እንየው ከተባለ፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ የአንድ ሜትር ቱቦ በሰከንድ 170 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ግማሽ ሜትር የሆነው 340 ጊዜ። ርዝመቱ በግማሽ ባነሰ ቁጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ቱቦ ድምፅ ከመጀመሪያው ተወስኗል፤ ባሕሩ ሊለውጠው አይችልም። ባሕሩ የሚወስነው የትኛው ቱቦ መቼ እንደሚነፋ፣ ምን ያህል እንደሚጮኽና ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ይመጣል። ባሕር ዜማ አያውቅም። 35 ቱቦዎች ያለ ቅደም ተከተል ሲነፉ የሚወጣው ትርምስ እንዳይሆን ምን ይደረጋል? መልሱ ያለው ቅኝቱ ላይ ነው። ቱቦዎቹ እያንዳንዳቸው አምስት በያዙ ሰባት ቡድኖች ተከፍለዋል፤ ቡድኖቹም ተራ በተራ እርስ በርስ በሚስማሙ ሁለት ኅብረ ድምፆች ተቃኝተዋል። የትኛውም ቱቦ ከየትኛውም ጋር ቢገጥም ጆሮ አይሻክርም። አንድ ሰው የትዝታ ሜጀርን አምስት ድምፆች ብቻ መርጦ በፈለገው ቅደም ተከተል ቢመታ መጥፎ ነገር ለማውጣት እንደሚቸገረው ሁሉ፣ ባሕሩም እንዲሳሳት የሚያስችል ድምፅ አልተሰጠውም። ለእኔ የሥራው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። ዕድልን መግታት ሳያስፈልግ፣ ዕድል የሚንቀሳቀስበትን ሜዳ አስቀድሞ ማጽዳት።

ከሩቅ የመጣ ነፋስ

የድምፁን ለውጥ ለመረዳት የማዕበልን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ማዕበልን የሚወልደው ነፋስ ነው፤ አንዴ ከተወለደ ግን ነፋሱ ቆሞም ይጓዛል። በጥልቅ ውኃ ላይ ረጃጅሞቹ ማዕበሎች ከአጫጭሮቹ ይፈጥናሉ። ስለዚህ ነፋስ በሌለበት ምሽት ደረጃው ላይ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ከሰዓታት በፊት ሌላ ቦታ የነፈሰ ነፋስ ሥራ ሊሆን ይችላል። በአድሪያቲክ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች ነፋሶቻቸውን በስም ያውቋቸዋል። ዩጎ የሚሉት ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፤ በባሕሩ ርዝመት እየተንከባለለ ቀስ በቀስ ትልልቅ ማዕበል ያነሣል። ቡራ የሚሉት ከተራሮቹ በድንገት ይወርዳል፤ ውኃውን ይቆራርጠዋል እንጂ ረጅም ማዕበል አይሠራም። በበጋ ቀትር ላይ የሚነሣው ማየስትራል ለስላሳ ነው። ኦርጋኑ እነዚህን ሁሉ በየጠባያቸው ይቀበላቸዋል።

ከዛዳር ፊት ለፊት የኡግልያን ደሴት ስላለ ከክፍት ባሕር የሚመጣው ማዕበል በሙሉ ኃይሉ አይደርስም። ለዚህ ነው የመርከቦች ድርሻ የሚጎላው። መርከብ ሲያልፍ ወዲያው ምንም አይለወጥም። ጥቂት ቆይቶ፣ መርከቡ ርቆ ከሄደ በኋላ፣ የሠራው ማዕበል ዳርቻው ላይ ይደርስና ቱቦዎቹ በአንድ ጊዜ ያስተጋባሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ድምፁ በድንገት የበረታ ይመስለዋል። የሚያውቀው ግን መርከብ ባየ ቁጥር ይጠብቃል፤ ልጆች በተለይ ይህን ጨዋታ ቶሎ ይለምዱታል።

ደረጃው በሚያበቃበት አካባቢ ባሺች በ2008 ሌላ ሥራ ጨመረ፤ ሰላምታ ለፀሐይ ይባላል። 22 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሲሆን 300 የመስተዋት ንጣፎች መሬቱ ላይ ተገጥመውበታል። ቀን የፀሐይ ኃይል ያከማቻል፣ ሲመሽ በቀለም ያበራል። ጎብኚ ይወደዋል። እኔ ግን ኦርጋኑን እመርጣለሁ፤ መብራቱ ዓይንን ወደ ራሱ ይስባል፣ ኦርጋኑ ግን ሰውን ወደ ባሕሩ ይመልሰዋል።

ከዛዳር በፊት

ሐሳቡ ከባሺች አልጀመረም። በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የባሕር ወሽመጥ፣ ማዕበል በሚሰብር የድንጋይ ግንብ ጫፍ ላይ በ1986 የማዕበል ኦርጋን ተሠርቶ ነበር። ሐሳቡ የአርቲስቱ የፒተር ሪቻርድስ ነው፤ ድንጋዩን የጠረበውና ያቆመው ጆርጅ ጎንዛሌዝ ነው፤ ሥራውን ያስጀመረው ደግሞ ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለው የሳይንስ ሙዚየም ነው። መነሻውን የሰጠው ቢል ፎንታና የተባለ አሜሪካዊ የድምፅ አርቲስት በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ፣ ከተንሳፋፊ የሲሚንቶ መድረክ ቀዳዳ የሚወጣውን ድምፅ በቀረጸበት ካሴት ነው። ሪቻርድስ ያንን ሰምቶ በሌላ ቦታ ሆን ብሎ መሥራት እንደሚቻል አሰበ።

የሳን ፍራንሲስኮው ሥራ ቅኝት የለውም። 25 ያህል የፕላስቲክና የሲሚንቶ ቱቦዎች በተለያየ ከፍታ ከድንጋዮቹ መካከል ይወጣሉ። ፊሽካ መሰል ጠርዝ ስለሌላቸው የሚሰማው ውኃው ቱቦው ውስጥ ሲመታ፣ ሲንቀረቀብና ሲመጠጥ የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ ቱቦውም እንደየርዝመቱ ያንን ያጎላዋል። ጆሮን ቱቦው አፍ ላይ ማስጠጋት ያስፈልጋል። ደኅና የሚሰማውም ባሕሩ ሲሞላ ነው። ድንጋዮቹ ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ላውረል ሂል የሚባል የከተማዋ መካነ መቃብር ሲፈርስ የተረፉ ግራናይትና እብነ በረድ ናቸው። ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው የተጠረበ ጌጥ ወይም የመቃብር ድንጋይ ቁራጭ አጠገቡ ያያል። ለጆሮ ዛዳር ይበልጣል። ከተማዋ የጣለችውን ሰብስቦ መቀመጫ በማድረግ ግን ሳን ፍራንሲስኮን የሚያህል አላገኘሁም።

በእንግሊዝ የብላክፑል የባሕር ዳር ላይ በ2002 የቆመው ደግሞ የሙላት ኦርጋን ነው። ሊያም ከርቲንና ጆን ጉዲንግ የሠሩት ሲሆን ቁመቱ 15 ሜትር ነው። እዚያ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ያለው ልዩነት በብዙ ሜትር ይለካል፤ አድሪያቲክ ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ስለዚህ የብላክፑሉ የተሠራው በሙላት ሰዓት አካባቢ ብቻ እንዲጫወት ነው። ከሰዓቱ ውጭ የሄደ ሰው ዝም ያለ ብረት አይቶ ይመለስ ነበር። ማዳመጥ የሚፈልግ የባሕሩን የሙላት ሰዓት ሠንጠረዥ አስቀድሞ ማየት ነበረበት።

ባሕር በሌለበት ነፋስ ራሱ ይነፋል። በእንግሊዝ ላንካሻየር፣ ከበርንሊ ከተማ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ በ2006 የቆመው ዘማሪው ዛፍ ሦስት ሜትር ያህል ቁመት አለው። ቶንኪን ሊዩ የተባለው የአርክቴክቶች ቢሮ ነደፈው። የብረት ቱቦዎቹ ተደራርበው ነፋስ እንዳጎነበሰው ዛፍ ቅርጽ ሠርተዋል፤ የተወሰኑት ቅርጹን ይሸከማሉ፣ የተወሰኑት ደግሞ ተበስተው ተቃኝተዋል። በነፋሻ ቀን የሚወጣው ድምፅ ለስለስ ያለ ሳይሆን የሚያስጨንቅ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ኮረብታው ላይ ያለው ነፋስም ለስላሳ አይደለም፤ ሥራው ያለውን ነው የሚናገረው።

ጎዳና ላይ የተደበቀ ድምፅ

እስካሁን ያየናቸው ተፈጥሮ የሚነፋቸው ናቸው። በኒው ዮርክ ያለው የማክስ ኒውሃውስ ሥራ ግን በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። ኒውሃውስ (1939 እስከ 2009) የታወቀ የምት መሣሪያ ተጫዋች ነበር። በ1966 አድማጮቹን አዳራሽ ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ እጃቸው ላይ አዳምጡ የሚል ማኅተም አትሞ ወደ ጎዳና ይዟቸው ወጣ፤ ኮንሰርቱ የከተማዋ ድምፅ ሆነ። ከዚያ በኋላ መድረኩን ትቶ ድምፅን በቦታ ላይ መትከል ጀመረ። በ1977 ታይምስ ስኩዌር በሚባለው በሰውና በመኪና በተጨናነቀው አደባባይ፣ ብሮድዌይ ላይ በ45ኛውና በ46ኛው ጎዳና መካከል ባለች የእግረኛ ደሴት፣ ከምድር ውስጥ ባቡር የአየር ማስወጫ የብረት ፍርግርግ በታች የድምፅ መሣሪያ ቀበረ።

ከፍርግርጉ የሚወጣው ትልቅ ደወል ከተመታ በኋላ የሚቀረውን እምምታ ይመስላል። ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም፤ ራሱን አይለውጥም። ሰሌዳ የለውም፣ የሠሪው ስምም አልተጻፈም። አብዛኛው ሰው ረግጦት ያልፋል፤ የሰማም ከምድር ውስጥ ባቡሩ የመጣ ይመስለዋል። ቆም ያለ ሰው ግን ይህ ድምፅ ከመኪናው ጩኸት ጋር አብሮ እንደማይሄድ ያስተውላል፤ ካስተዋለ በኋላ የአደባባዩን ድምፅ ሁሉ ለየብቻው መስማት ይጀምራል። በዛዳር ቦታው ጸጥ ብሎ ድምፁ ይለዋወጣል። እዚህ ድምፁ ጸንቶ አደባባዩ ይለዋወጣል፤ ሌሊት ትራፊኩ ሲቀንስ ያው ድምፅ ይጎላል፣ በረዶ ሲጥል ደግሞ ሌላ ይመስላል።

ከዚህ ተነሥቼ አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። የአደባባይ የድምፅ ሥራ ከሐውልት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ያልወደድነውን ሐውልት ፊታችንን አዙረን እናልፈዋለን፤ ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም። አጠገቡ የሚኖር፣ ሱቅ የሚጠብቅ፣ የታመመ የሚያስታምም ሰው አለ። ዛዳርም ሳን ፍራንሲስኮም ታይምስ ስኩዌርም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ለመስማት መጠጋት ያስፈልጋል፣ ያልፈለገ ጥቂት እርምጃ ርቆ ይገላገላል። ድምፅ ማጉያ በበዛበት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ልክ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ የአደባባይ ሥራ ለማቆም የሚያስብ ከተማ ድምፁ ምን ያህል ርቀት እንደሚሰማ አስቀድሞ ቢለካ የሥራውን ግማሽ ሠርቷል እላለሁ።

ባሕሩ ከፍ ሲል የሚለወጥ ደወል

ከሁሉም ረጅሙን ለውጥ የያዘው ማርከስ ቨርጌት የተባለ በእንግሊዝ የሚሠራ ቀራጺ የጀመረው የጊዜና የሙላት ደወል ነው። የመጀመሪያው በ2009 በዴቨን፣ አፕልዶር በምትባል የወንዝ አፍ መንደር ተተከለ። ከዚያ በኋላ በስኮትላንድ ከሉዊስ ደሴት አጠገብ፣ በለንደን፣ በዌልስና በሌሎች የብሪታንያ ዳርቻዎች ተተክሏል። የደወሉን ቅርጽ ያወጣው አውስትራሊያዊው ኒል ማክላክላን ነው።

በጣና ገዳማት የተንጠለጠሉትን የድንጋይ ደወሎች ያየ አንባቢ ደወል የሚመታበትን ጊዜ የሚወስን ሰው እንዳለ ያውቃል፤ ሰዓቱ ደርሶ ሲመታ ሰው ይሰበሰባል። የቨርጌት ደወል መቺም ጠሪም የለውም። የተተከለው ባሕሩ ሲሞላ ውኃው በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው። ከሥሩ የሚመጣው ማዕበል የደወሉን ምላስ ያወዛውዛል፤ ምላሱ ደወሉን ይመታል። ውኃው ሲጎድል ዝም ይላል። ሰዓቱን የሚቆርጡት ጨረቃና ፀሐይ ናቸው፤ ባሕርን የሚያስሞላና የሚያጎድለው የእነርሱ ስበት ነውና።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። የአየር ንብረት ለውጥን የሚከታተለው የመንግሥታቱ የሳይንስ ፓነል እንደሚለው፣ የዓለም ባሕሮች ወለል ከ1901 እስከ 2018 በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል። ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ሰው በዓይኑ የሚያየው ለውጥ አይደለም። ደወሉ ግን ቦታው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ውኃው ምላሱን ቀድሞ ያገኘዋል፣ ዘግይቶ ይለቀዋል፤ ስለዚህ የሚደወልበት ጊዜ ይረዝማል። ውኃው የደወሉን አካል መሸፈን ሲጀምር ደግሞ የድምፁ ቅጥነት ይለወጣል። ዛሬ ደወሉን የሚሰማ ሕፃን አርጅቶ ሲመለስ የሚሰማው ይኸው አይሆንም። ሥራው መጥፎ ዜና እንደያዘ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን አይጮኽበትም፣ ጣት አይቀስርም። ስለ ባሕር ወለል ካነበብኳቸው ብዙ ዘገባዎች ይልቅ ይህ ደወል ነገሩን አቅርቦልኛል። ምክንያቱ ደወሉ የሚናገረው ስለ ዓለም አማካይ ሳይሆን ስለዚያች መንደር ዳርቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ለማዳመጥ የሚሄድ ሰው

ዛዳር የሚሄድ ሰው በዝምታ ሰዓት ቢሄድ ይሻላል። ፀሐይ ስትጠልቅ የሰው ብዛት ስለሚያይል ቀጫጭኖቹ ድምፆች በወሬ ይዋጣሉ፤ ማለዳ ግን ደረጃው ባዶ ነው። አንድ ቦታ ላይ አለመቆየትም ጥሩ ነው። ሰባቱ ቡድኖች በ70 ሜትር ላይ ስለተዘረጉ ማዕበሉ ሁሉንም በአንድ ቅጽበት አይነካቸውም፤ በደረጃው ርዝመት የሚራመድ ሰው አንዱ ሲደበዝዝ ሌላው ሲጎላ ይሰማል። ባሕሩ ፍጹም ረግቶ ምንም የማይሰማበት ጊዜም ሊያጋጥም ይችላል። ያኔ ሥራው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የመርከብ ማለፊያ ሰዓት መጠበቅ ነው።

የሚበላሽበት ጊዜ ግን አለ፤ ስለዚህ ጉዳይ በምረቃ ቀን ብዙም አይወራም። ባሕር ውስጥ የገባ ነገር ሁሉ ዛጎልና አልጌ ይለብሳል፣ አሸዋ ይገባበታል፣ ብረቱን ጨው ይበላዋል። በዛዳር ከእግረኛ መንገዱ በታች ያለው መተላለፊያ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሠራተኛ ወርዶ ወደ ፊሽካዎቹ መድረስ ይችላል። ነዳፊዎቹ ስለ ድምፁ ሲያስቡ ስለ ጥገናውም አስበዋል። ይህ ያልታሰበበት የድምፅ ሥራ ከሐውልት ይልቅ ቶሎ ይሞታል፤ ሲሞትም አይታወቅም፤ ምክንያቱም ቅርጹ እንዳለ ቆሞ ይታያል። የኒውሃውስ የታይምስ ስኩዌር ሥራ በ1992 ተቋርጦ ለአሥር ዓመት ዝም ብሎ ነበር። በ2002 ዳግመኛ የተነሣው ጥቂት ሰዎች ስላስታወሱትና ስለታገሉለት ነው፤ አሁን ዲያ የተባለው የጥበብ ፋውንዴሽን ይንከባከበዋል።

ከቨርጌት ደወሎች አንዱ በቆመበት በለንደኑ ትሪኒቲ ቦይ ዋርፍ፣ በአሮጌው የመርከብ መብራት ማማ ውስጥ፣ ይህን የጥገና ጥያቄ እስከ ጫፍ የወሰደ ሥራ አለ። የጄም ፋይነር ሎንግፕሌየር የተጀመረው 1999 ሊያልቅ ሲል በመጨረሻው ቀን ነው፤ ራሱን ሳይደግም ለ1,000 ዓመት እንዲቆይ ታስቦ ተሠርቷል። ድምፁ የብረት ጎድጓዳ ሳህኖች ሲመቱ ከሚያወጡት የተወሰደ ሲሆን ዛሬ የሚያጫውተው ኮምፒውተር ነው። ኮምፒውተር 1,000 ዓመት እንደማይቆይ ሠሪው ያውቃል። ስለዚህ አደራውን የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቁሟል፤ ሙዚቃውም ሰዎች በእጃቸው ሊጫወቱት እንዲችሉ በቀላል ሕግ ተቀምሯል። በመስከረም 2009 ሙዚቀኞች በለንደኑ ራውንድሃውስ አዳራሽ ሳህኖቹን ከበው እየተፈራረቁ 1,000 ደቂቃ የሚፈጀውን ክፍል ተጫውተው፣ ማሽኑ ቢቆም ሥራው በሰው እጅ ሊቀጥል እንደሚችል አሳይተዋል።